ለአንድ ታማሚ ሁለት ሳጥን

ሐኪሙ በቆሻሻ ማቆያው ክፍል ወለል ላይ ተንበርክኮ አርባ ሦስተኛውን ሳጥን ከቢጫው ፌስታል አወጣ። ነጭ ካርቶን ነው፤ ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም፤ ክዳኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ታትሞበታል። መዝገቡ ላይ በዚሁ ቁጥር ትይዩ “ተሰብሯል” ይላል። ከፈተው። ከአራቱ ብልቃጦች አንድም የተሰበረ የለም። ባዶ ናቸው፤ በጎማ ክዳናቸው ላይ መርፌ የገባበት ነጥብ ይታያል።

ሁለት ሳጥን ቀርቶት ነበር። እነሱም እንደዚያው ሆኑ። አርባ አምስት ተሰበረ የተባለ ሳጥን፣ አንዲት ስባሪ የማይገኝበት።

ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። የድንገተኛ ክፍሉ ሰዎች ከጀርባው “ቆጣሪው” ይሉታል፤ እሱም ያውቃል። ያልቆጠረውን ነገር አያምንም። ጓንት ይቆጥራል፣ መርፌ ይቆጥራል፣ የጉሉኮስ ጠብታ ይቆጥራል። “ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን ጥርሳችንን ክፈቱ ይለናል” ይባባላሉ። ዛሬ ግን ባይቆጥር በወደደ።

ነገሩ የመድኃኒት ጥናት ነው። ደም የሚያስታውክ፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚወጣ ሰው ወደዚህ ክፍል ሲመጣ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ተራው የደረሰ አንድ ሳጥን ይከፈትለታል። ከሳጥኖቹ ግማሾቹ ደም ያቆማል ተብሎ የሚታሰብ መድኃኒት ይዘዋል። ግማሾቹ የጨው ውሃ ናቸው። መልካቸው አንድ፣ ክብደታቸው አንድ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ሐኪሙ ስምንት ዓመት በተማረበት ከተማ፣ ባሕር ማዶ ተቆልፎበታል። ጥናቱ ሲያልቅ በየወገኑ ስንት ሰው እንደሞተ ይቆጠራል፤ መድኃኒቱ ይጠቅም እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። እስከዚያ ማንም አያውቅም። ሐኪሙ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውን ማስረዳት ያቃተው ይህችኑ “ማንም አያውቅም” የምትባል ነገር ነበር። ተመልሶ የመጣው ለዚህ ሥራ ነው፤ ደህና አድርጎ ተመልሶ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም።

ሲስተርን መድኃኒት ክፍል አገኛት። ከአምሳ ያለፈች፣ ጸጉሯን በነጭ ሻሽ የምታስር፣ ከእሱ በፊት ስድስት ሐኪሞችን ያስተማረችና ያሰናበተች ሴት ናት።

“ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።”

“ጠይቅ። ሁለትም ጠይቅ።”

“ለአንድ ታማሚ ስንት ሳጥን ነው የምንከፍተው?”

የያዘችውን መርፌ ክዳኑን ከደነች፣ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች፣ ከዚያ ዞር አለች።

“ቆጠርካቸው?”

“አርባ አምስት።”

“እኔ አርባ ሰባት ነበር የመሰለኝ” አለች።

በሩን ዘጋው። ሊቆጣ ነበር የመጣው፤ መልሷን ሲሰማ ግን ቁጣው መንገድ ላይ ቀረ።

“ለምን?”

“አልጋ ሦስት ላይ የነበረችውን፣ የሁለቱን ልጆች እናት ታስታውሳታለህ? እጄን ይዛ ‘መድኃኒቱ ገባልኝ?’ አለችኝ። ‘ገባልሽ’ አልኳት። ምሳ ሳይደርስ ሞተች። የሰጠኋት ውሃ ይሁን መድኃኒት አላውቅም። አንተም አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ማልኩ። የባሰበት ሰው ሲመጣ ሁለት እከፍታለሁ። አንዱ ውሃ ቢሆን አንዱ መድኃኒት ይሆናል።”

“አይሆንም፣ ሲስተር። ሁለቱም ውሃ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም መድኃኒት ሊሆኑ ይችላሉ። ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ ተራ አይጠብቅም።”

“ሁለቱም መድኃኒት ከሆኑማ እሰየው።”

“አልጋ ስምንት ላይ የነበረችውን ሴትዮስ ያስታውሳሉ? ደሙ ቆሞላት፣ ልትወጣ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ የወደቀችውን?”

“አስታውሳታለሁ።”

“እግሯ አብጦ ነበር። እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ ነው የገደላት። አሁን መዝገቡን አየሁት፤ ከሳጥኗ ቀጥሎ ያለው ‘ተሰብሯል’ ተብሏል። ሁለት ነው።”

“መድኃኒቱ በዝቶባት ነው እያልከኝ ነው?”

“ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ውሃ ከነበሩ ደግሞ ምንም አላደረጓትም። አላውቅም። የሚታወቅበትን መንገድ ነው የዘጉት።”

አንዲት በርጩማ ነበረች፤ ሲስተር ተቀመጠችባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ እሱ ግን አላለውም። ልክ መሆኑም አላስደሰተውም።

“ካሜራው ከተበላሸ ስንት ወር ሆነው?” አለችው ቀና ሳትል። ካሜራ የምትለው በጉሮሮ ገብቶ የጨጓራን ቁስል የሚያሳየውን፣ ደሙንም ከምንጩ የሚያስቆመውን ረጅም ቱቦ ነው።

“ሰባት።”

“ዛሬ ደም ባንክ ስንት ከረጢት አለ?” መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

“እዚያ በተማርክበት አገር ሰው ደም ሲያስታውክ ሳጥን ነው የሚከፍቱለት?”

“ካሜራ ይገባለታል።”

“እኔም እሱን ነው የምልህ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ቁስሉን የሚያስር መሣሪያ እያለ፣ መሣሪያውን ጠግኑልን ብለን ስንት ደብዳቤ ጽፈን፣ የተላከልን በቁጥር የታሸገ ውሃ ነው።”

ይህን ጥያቄ እሱም ከተመለሰ ጀምሮ ለራሱ ሲያቀርበው ኖሯል። አሁንም ወደ ሕጉ ሸሸ።

“የጥናቱ ተቆጣጣሪ ከምሳ በኋላ ትመጣለች። ያደረጉትን ሁሉ፣ የእያንዳንዱን ታማሚ ቁጥር ጽፈው ይስጡኝ።”

“ያባርሩኛል።”

“አውቃለሁ።”

“ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ።”

“አውቃለሁ፣ ሲስተር።”

“አይ ቆጣሪው” አለች፤ ቅጽል ስሙን ፊት ለፊት ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። “ሁሉን ታውቃለህ።”

በዚሁ መሃል ስልኩ ጮኸ። የአክስቱ ልጅ ናት። ከጀርባዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል።

“ወንድሜ፣ እታታ ደም አስታወከች። ታክሲ ውስጥ ነን። እንዳትወጣ፤ እየመጣን ነው።”

እታታ የእናቱ እህት ናት። እናቱ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች፤ ጉልበቷ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ተመልሶ ከመጣ ወዲህም ከእሷ ቤት አልወጣም። ጠዋት ሲወጣ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ጥሎት የሚሄደውን ዳቦ እያሳየች “ፕሮፌሰር፣ ይኼንን ማን ይብላልህ?” ትለዋለች። ዛሬ ጠዋትም ብላዋለች። ድምፅዋ ደክሞ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ፤ አላስተዋለም ነበር።

በዊልቸር አስገቧት። ጭኗ ላይ የፕላስቲክ ሳፋ ይዛለች፤ በፎጣ ሸፍናዋለች።

“እታታ፣ አሳዪኝ።”

“ምኑን ታየዋለህ? ደም ነው” አለች። ከንፈሯ ነጥቷል። “ታክሲው ላይ አንዲት ጠብታ ጠብ አላደረግኩም። ሹፌሩን ጠይቀው።”

ግፊቷ ወርዷል፤ ልቧ እየሮጠ ነው። በሁለቱም ክንዷ ጉሉኮስ አስገቡላት። ለጨጓራዋ ያለውን መርፌ ሁሉ ወጋት። ካሜራ ወዳለው ሆስፒታል ደወለ፤ የሚሠራበት ሐኪም ነገ እንደሚገባ ነገሩት። ሌላ ቦታ ደወለ፤ አልጋ የለም። ደም ባንክ ደወለ፤ በእሷ ዓይነት ያለው አንድ ከረጢት ብቻ ነው፣ ሰው ይላክ ተባለ። ከዚያ በኋላ የሚደወልለት አጣ። ስልኩን እንደያዘ ቆመና ዓይኑ ወደ ጥናቱ ቁም ሳጥን ሄደ።

የጥናቱ ሕግ ላይ አንድ አንቀጽ አለ፤ የጥናቱ ሠራተኛ ዘመድ ጥናቱ ውስጥ አይገባም። ሰው ለራሱ ሰው ሲሆን እጁ ያዳላል ተብሎ ነው። ልክ ነው ብሎ የተከራከረለትም እሱ ራሱ ነበር።

“ሲስተር፣ ፎርሙን ያምጡ።”

“እታታ ብለህ ስትጠራት ሰምቻለሁ” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ፎርሙን ያምጡ።”

አመጣች። ልጅቷ እያለቀሰች ፈረመችና ደሙን ለማምጣት ሮጠች። ሲስተር አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳደረገችው ጥያቄዎቹን ተራ በተራ ማንበብ ጀመረች።

“ዕድሜዎ ስንት ነው፣ እማማ?”

“ስልሳ ስድስት። ሰው ሲጠይቀኝ ስልሳ እላለሁ።”

“ሰገራዎ ከጠቆረ ስንት ጊዜ ሆነው?”

“ሰንብቷል። የምበላው ነገር መስሎኝ ዝም አልኩ።”

ሲስተር የሚቀጥለውን ጥያቄ አየችውና ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ አነበበችው። “ታማሚዋ ከጥናቱ ሐኪም ጋር ዝምድና አላት?”

የጉሉኮሱ ጠብታ ይወርዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

“የላትም” አለ ሐኪሙ።

እታታ ቀና ብላ አየችው። ከመንገድ ማዶ የሚያልፍን ልጅ በዓይኗ ለክታ ሱሪ የምትቆርጥ ሴት ናት፤ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ምን እንደተደረገ ባታውቅም፣ ለእሷ ሲባል እንደተደረገ ገባት።

“አላውቀውም” አለች ለሲስተር። “ግን ደህና ሰው ይመስላል። ትንሽ ከስቷል እንጂ።”

ሲስተር ጻፈች። ብዕሯ ወረቀቱን የጫረው ድምፅ ተሰማ።

“የሕመም ማስታገሻ ይወስዳሉ?”

“የጉልበት መድኃኒት አለኝ። ባሕር ማዶ የነበረ ልጅ አለኝ፤ እሱ ነው ይልክልኝ የነበረው። ትልልቅ ጠርሙስ፤ አንዱ ብቻውን ዓመት ይዘልቃል። ‘ሲያምሽ ውሰጂ’ ብሎኛል።”

“በቀን ስንት ይወስዳሉ?”

“ሲያመኝ ነዋ። የማያመኝ መቼ ነው?” ፈገግ ለማለት ሞከረች። “አሁን ልጄ ተመልሶ መጥቷል። መድኃኒቱ ግን አላለቀም። እንዳያልቅብኝ ብሎ አብዝቶ ነበር የላከው። ደግ ልጅ ነው። ሥራ ይበዛበታል እንጂ።”

ሐኪሙ የአልጋውን ብረት ያዘ። ይህን ጥያቄ ለመቶ ሰማንያ አራት ሰው አስጠይቋል። የዚያ መድኃኒት ልማድ ጨጓራን እንደሚበላ፣ ከሚደሙት ከሦስቱ አንዱ በእሱ እንደሚደማ በሠንጠረዥ ሠርቶ፣ በትልቅ አዳራሽ ሰው ፊት ቆሞ አስረድቷል፤ አጨብጭበውለታል። ጠርሙሱ ደግሞ በየጠዋቱ በሚያልፍበት በር አጠገብ፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ፣ ከመቀሱ ጎን ይቀመጣል። ሲልከው ሐኪም አልነበረም ማለት አይቻልም። ነበረ። ሲመለስም አይቶታል። የራሱ ስጦታ ስለሆነ ደስ ብሎት አይቶታል።

ሲስተር ተነሥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። ስትመለስ በሳህኑ ላይ ሁለት ሳጥን ነበር።

ሳህኑን በፊቱ አስቀመጠችና እጇን አጣጥፋ ቆመች። ከጠዋቱ በኋላ ሁለት ማምጣቷ ርኅራኄ ይሁን ሽሙጥ፣ ወይስ ዝም ብላ ‘አንተስ?’ ማለቷ ይሁን ከፊቷ ማንበብ አልቻለም። ሒሳቡን ያውቀዋል። ከአራት አንድ ሁለቱም ውሃ። ከአራት አንድ ሁለቱም መድኃኒት፤ ያኔ ደግሞ እግሯ፣ ከዚያ ሳንባዋ። መድኃኒቱ ይጠቅማል ብሎም አያምንም፤ እውነቱን ለመናገር ካመነ ቆይቷል። ይህን ሁሉ እያወቀ እጁ የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈተ። ቀጥሎ ሁለተኛውን።

ሲስተር ሁለቱንም በመርፌ ቀድታ ሰጠችው፤ እሱ ወጋት። ዓይኗ ውስጥ ‘አየህ?’ የሚል ነገር አልነበረም። ቢኖር ይሻለው ነበር።

ደሙ አልቆመም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና አስታወከች፤ ከዚያም እንደገና። ልጅቷ ከረጢቱን ይዛ ስትመጣ እየሮጠ ሰቀለው፤ በላይ የሚገባው በታች ይወጣል። እታታ በረዳት፤ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደረቡላት። አንድ ጊዜ ዓይኗን ገለጠችና ልጇ ውሃ ልታመጣ መውጣቷን አረጋገጠች። ከዚያ እጁን ፈልጋ ያዘችው።

“ዶክተር” አለች። ዶክተር ብላው አታውቅም።

“አቤት።”

“ያ ልጄ ሲመጣ፣ የመድኃኒቱን ነገር እንዳትነግረው። ሆዱ ባዶ ነው፤ አይችለውም።”

ሐኪሙ አፉን ከፈተ። ሲስተር በወዲያኛው በኩል ቆማ የግፊቱን ልክ ትጽፋለች።

“እሺ” አለ። “አልነግረውም።”

“ተባረክ።”

ከከረጢቱ ግማሹ እንደገባ ሞተች። ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሰዓቱን ጮክ ብሎ መናገር የእሱ ሥራ ነው፤ ተናገረው።

ልጅቷን ዘመዶች እስኪደርሱ አብራቸው የመጣች ጎረቤት ደግፋ አወጣቻት። ሲስተር እታታን ራሷ አጠበቻት፤ ማንንም አላስጠጋችም። ጨርሳ ስትወጣ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከኪሷ ሁለት የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

“ያልከኝን ጽፌአለሁ። አርባ ሰባቱንም። ሁለቱን አንተ አላገኘሃቸውም፤ ሌላ ፌስታል ውስጥ ነው ያሉት። የስምንት ቁጥሯንም ጽፌአለሁ።”

“ይቆይ፣ ሲስተር። ዛሬ ይቅር።”

“ለምን ይቀራል? ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት አይጠምም። ለተቆጣጣሪዋ ለራሷ እሰጣታለሁ።” ወረቀቱን መልሳ ኪሷ ከተተች። “የዛሬውን ግን አልጻፍኩትም። መዝገቡ ላይም ያሰፈርኩት አንዱን ቁጥር ብቻ ነው። የዛሬው ያንተ ነው።”

ተቆጣጣሪዋ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ወጣት ናት። ማን እንደሞተ የነገራት የለም። በጠባቧ ቢሮው ተቀምጣ የሲስተርን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበች። ሲስተር ቆማ ጠበቀች፣ “ሌላ የምጠየቀው አለ?” አለች፣ የለም ሲባል ወጣች። ሌላ ታማሚ ገብቶ ነበር።

“ከቁጥር ውጪ ይሆናል” አለች ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። “የዚህ ሆስፒታል ሥራ በሙሉ። ሦስቱም ዓመት።”

“ገብቶኛል።”

“አንተ ግን አታስብ። ያወቅኸው ዛሬ ነው፤ አውቀህም አልደበቅክም። እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው። አንተን የሚነካህ ነገር አይኖርም። ሌላ ጥናት ይመጣል።” ከዚያ ከክምሩ ላይ የመጨረሻውን ፎርም ሳበች። “የዛሬዋ ናት? እሷማ ንጹሕ ናት። ፈቃድ አለ፣ አንድ ሳጥን፣ ዝምድና የለም፣ ሁሉም ጥያቄ ተመልሷል። አዬ፣ ሞታለች። ቢሆንም እንዲህ የተሟላ ፎርም ብዙ አላይም።”

ሐኪሙ ፎርሙን አየው። ምንም ቢጻፍበት ከእንግዲህ ማንንም አይጠቅምም። ጥናቱ ወድቋል። መድኃኒቱ ያድን እንደሆነ ከዚህ ቤት የሚወጣ መልስ የለም። ሲስተር ትባረራለች። እታታ ተጣጥባ ተኝታለች። ዝም ካለ ቃሉንም ጠበቀ ይባላል፤ አልነግረውም ብሏት የለ።

“እስክሪብቶ ታውሺኛለሽ?”

ሰጠችው። የመጨረሻዋ እርማት መስሏት ፎርሙን ወደ እሱ አዞረችለት። በጥናት ወረቀት ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ በቀለምም አይሸፈንም፤ የበፊቱ እየተነበበ በአንድ መስመር ይሰረዝና እውነተኛው ከጎኑ ይጻፋል። መጀመሪያ የሳጥኑ ቁጥር ላይ ሄደ። አንዱን ሳይነካ ሁለተኛውን ከሥሩ አከለ። ተቆጣጣሪዋ ቀና አለች።

“ይኼ ምንድን ነው?”

ወረቀቱን ገለበጠና የሲስተር ብዕር ተጭኖ የጻፈውን “የላትም” አገኘው። አንድ ቀጭን መስመር አሰመረበት። ከጎኑ “እናቴ ናት” ብሎ ጻፈ። ቀኑን ጻፈ። ሰዓቱን ጻፈ። ፈረመ።